ገደል ለሚወርድ ሰው ገመድ ስለ መሸጥ

በአስመጪ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት የሚያገለግል ሰው በየዕለቱ የሚያገኘው የደንበኛ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው፤ የቆርቆሮ፣ የሚስማር፣ የጎማና የመኪና ባትሪ ዋጋ የሚጠይቅ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን በዕቃው ዝርዝር መካከል «ገደል ለመውረጃ የሚሆን ገመድ፤ 100 ሜትር» የሚል መስመር አልፎ አልፎ መታየት ጀምሯል። ጠያቂዎቹ የጉዞ ሥራ የጀመሩ ወጣቶች፣ እንዲሁም ከውጭ አገር ለዕረፍት የሚመጡ ወገኖቻችንና እንግዶቻቸው ናቸው። ገመዱን ለምን እንደሚፈልጉት ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። አስቸጋሪ ተራራ ወጥተው፣ ከአፋፉ በገመድ ተንጠልጥለው ወርደው፣ በገደሉ ወገብ ላይ ሌላ ሰው የሸሸገውን ትንሽ ሣጥን ፈልገው፣ በውስጡ ባለው መዝገብ ስማቸውን ጽፈው ሊመለሱ ነው።

ይህን የሰማ ነጋዴ ፈገግ ብሎ ወደ ሚስማሩ ሒሳብ ቢመለስ አይፈረድበትም። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ለንግዱ ማኅበረ ሰብ አንድ አሳብ ለማቅረብ የተነሣሁት፣ ነገሩ የጨዋታ ነገር ቢሆንም የሰው ሕይወት የሚንጠለጠለው እኛ በምንሸጠው ዕቃ ላይ ስለ ሆነ ነው። አሳቤን ከመጀመሪያው በግልጽ ለማስቀመጥ ያህል፣ ይህ ንግድ ወደ አገራችን ቢገባ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን የገደል ገመድን ከአህያ መጫኛና ከሲባጎ ጋር በአንድ መደርደሪያ የምንሸጥ ከሆነ ባይገባ ይሻላል።

የሥውር ሣጥን ፍለጋው ጂኦካሺንግ ይባላል። ዕድሜው አጭር ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ምድርን የሚዞሩት የአሜሪካ ሳተላይቶች የሚልኩት የአቅጣጫ ምልክት ቀድሞ ለሕዝብ ሲሰጥ ሆነ ተብሎ ይዛባ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ተራው ሰው በእጁ በያዘው መሣሪያ ያለበትን ቦታ ሲለካ እስከ 100 ሜትር ያህል ይሳሳት ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይህ ማዛባት እንዲቀር አዝዘው በሜይ ወር 2000 መጀመሪያ ትእዛዙ በተፈጸመ ጊዜ፣ ስሕተቱ በአንድ ሌሊት ወደ 20 ሜትርና ከዚያም በታች ወረደ። ወዲያውም ሜይ 3 ቀን ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሬገን ግዛት ቢቨርክሪክ በምትባል ስፍራ አጠገብ አንድ ጥቁር ባልዲ በጫካ ውስጥ ሸሽጎ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን ለሌሎች አሳወቀ። በባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ የቪዲዮ ክር፣ ባላ ወንጭፍና አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ነበሩ። ያገኘው ሰው ጥቂት ይወስዳል፤ በምትኩም ጥቂት ይተዋል፤ ደንቡ ይኸው ብቻ ነበር።

ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት እንደዚህ ያሉ ሣጥኖች ከሦስት ሚሊዮን በላይ ይቈጠራሉ። ፍለጋውም በእጅ ስልክ የሚካሄድ ስለ ሆነ ልዩ መሣሪያ መግዛት ለብዙው ሰው አስፈላጊ መሆኑ ቀርቷል። ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ነገር ቢኖር፣ ያ የመጀመሪያው ባልዲ ዛሬ ባለው ደንብ ቢመዘን መውደቁ ነው፤ አውሬ ይጠራልና በሣጥን ውስጥ ምግብ ማስቀመጥ አሁን ክልክል ነው። ቆርቆሮው ባቄላ ግን በተጫዋቾቹ ዘንድ እንደ ቅርስ ይታያል።

ነጋዴ የሆነ ሰው በዚህ ጨዋታ ውስጥ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ሥርዓት አለ። ከሣጥኑ ዕቃ የወሰደ ሰው በዋጋ የሚተካከለውን ወይም የሚበልጠውን ሌላ ዕቃ መተው አለበት። ሰጪና ተቀባይ አይተያዩም፤ ሚዛን የለም፤ ደረሰኝ የለም፤ ዳኛም የለም። አባቶቻችን በአሞሌ ጨው ሲገበያዩ እንኳ አሞሌው በእጅ ተይዞ፣ ጠርዙ ተሸርፎ እንደ ሆነ ተመርምሮ ነበር። ይህኛው ግን ማንም በማያይበት ዋሻ ውስጥ የሚደረግ የዕቃ በዕቃ ልውውጥ ነው። እውነቱን ለመናገር ሥርዓቱ ሁልጊዜ አይጠበቅም፤ በብዙ ሣጥኖች ከጊዜ በኋላ የሚቀረው የተሰበረ መጫወቻና ዝገት የበላው ሳንቲም ነው እያሉ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ያማርራሉ። ከዚህም ሌላ የጨዋታው አስተዳዳሪዎች ሣጥንን ለንግድ ማስታወቂያ ማዋልን ከልክለዋል። ስለዚህ የሱቁን ስም በተራራ ላይ ለማስተዋወቅ ያሰበ ሰው ካለ አሳቡን ቢተው ይሻላል። ትርፍ ቢገኝ የሚገኘው ወደ ሣጥኑ ከሚወስደው መንገድ ነው፤ ከበቅሎው፣ ከመሪው፣ ከማደሪያው፣ ከስንቁና ከመሣሪያው።

እያንዳንዱ ሣጥን ሁለት ቊጥር ይሰጠዋል። አንደኛው ቊጥር ሣጥኑን ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር፣ ሁለተኛው የመሬቱን አስቸጋሪነት ያመለክታል፤ ሁለቱም ከ1 እስከ 5 ይደርሳሉ። መሬቱ 1 የተባለ ሣጥን በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ሊደርስበት የሚችል ነው። 5 ሲሆን ግን ያለ ልዩ መሣሪያ የማይደረስበት መሆኑ ነው፤ ጀልባ፣ የባሕር መጥለቂያ፣ አለዚያም ገመድ ይፈልጋል። ወደ ንግድ ቤታችን የሚመጡት ጠያቂዎች የሚመኙት ይህን አምስተኛውን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይታወቅ ችግር አለ። የሳተላይቱ ምልክት በሜዳ ላይ የታመነ ቢሆንም በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ከገደሉ ግድግዳ እየተንጸባረቀ ስለሚመጣ መሣሪያው ራሱ ይታለላል። ከፍታን ሲለካማ ስሕተቱ ከአግድሙ የባሰ ነው። ስለዚህ በስልክ መስተዋት ላይ የሚታየው ነጥብ ሣጥኑ በገደሉ አናት ይሁን ወይም በገደሉ እግር በትክክል አይናገርም። በገመድ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ደግሞ «ምናልባት ዐሥር ሜትር ወደ ግራ ነው» ብሎ ተራምዶ የሚያጣራበት መሬት የለውም። የሸሸገው ሰው የጻፈውን ፍንጭ በሚገባ ያላነበበ፣ ከመውረዱም በፊት ከማዶ ሆኖ ገደሉን በመነጽር ያልመረመረ ሰው ፍለጋውን ባይጀምር ይሻላል። ሣጥኑ ከገመዱ ጫፍ በታች ሆኖ ቢገኝ ምን ሊያደርግ ነው?

በገመድ ገደል መውረድ ራሱ ከጨዋታው በጣም የሚቀድም ጥበብ ነው። በአውሮፓ አብሴይሊንግ የሚለውን ስም ከጀርመንኛ ወስደውታል፤ በገመድ ወደ ታች መውረድ ማለት ነው። ፈረንሳዮች ዘዴውን ከዣን ሻርሌ ስትራቶን ጋር ያያይዙታል። እርሱም የሻሞኒ ተራራ መሪ ነበረ፤ በ1876 ፔቲ ድሩ የተባለውን ሹል ተራራ ብቻውን ለመውጣት ሞክሮ ባልተሳካለት ጊዜ በገመድ እየተንሸራተተ ወረደ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተራራውን ወጣው። እኛ ግን ስለ ገመድና ስለ ገደል ስንነጋገር ወደ ሻሞኒ መሄድ አያስፈልገንም። በትግራይ የደብረ ዳሞ ገዳም ከ6ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ፣ ከአቡነ አረጋዊ ዘመን ጀምሮ ማለት ነው፣ በገደል አናት ላይ ይኖራል። ወደ ገዳሙ የሚወጣ ወንድ ሁሉ (ሴቶች አይገቡምና) 15 ሜትር ያህል በሆነ ግድግዳ ላይ በቆዳ ገመድ ይወጣል፤ መነኮሳቱ ከላይ ሆነው በሁለተኛ ገመድ ወገቡን አስረው ይጐትቱታል። ልብ በሉ፤ ገመዱ ሁለት ነው። አንዱ ቢከዳ ሌላው ይይዛል። በዛሬ ዘመን በመማሪያ መጻሕፍት ተጽፎ የሚገኘው የመጀመሪያው የጥንቃቄ ደንብ ይኸው ነው፤ ገዳሙ ያወቀው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ነው።

ይህ ጉዞና ጨዋታ በንግድ ዓይን ሲታይ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከአፍሪቃ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የሌሶቶ መንግሥት ሕዝቡ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚሆን፣ በደቡብ አፍሪቃ ግዛት ዙሪያውን የተከበበ፣ መሬቱ በሙሉ ከ1,000 ሜትር ከፍታ በላይ የሆነ ደጋ አገር ነው። የባሕር በር የለውም። ወደ ውጭ የሚልከው ልብስ፣ አልማዝ፣ የበግ ጠጕርና የፍየል ጠጕር ነው፤ ውሃም ለጎረቤቱ ይሸጣል። ከዋና ከተማው ከማሴሩ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራሮች መካከል ሴሞንኮንግ የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች፤ ትርጓሜውም «የጢስ ስፍራ» ማለት ነው። ጢሱ የማሌትሱንያኔ ፏፏቴ የሚያስነሣው የውሃ ብናኝ ነው። የእኛ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ጢስ ዓባይን ሳያስታውስ አይቀርም፤ ሁለት ሕዝቦች ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ነገር አይተው አንድ ዓይነት ስም ሰጡት።

የማሌትሱንያኔ ውሃ 192 ሜትር ያህል ሳይቋረጥ ይወድቃል። ከፏፏቴው አጠገብ ባለው ገደል እንግዶች በገመድ የሚወርዱት 204 ሜትር ነው፤ ይህም ለእንግዳ በክፍያ ከሚካሄዱት በአንድ ገመድ ያለ ማረፊያ የሚወረዱ ገደሎች ሁሉ ረጅሙ ተብሎ በጊነስ መዝገብ ተጽፏል። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን የርዝመቱ ነገር አይደለም። የሚወርደው እንግዳ አስቀድሞ በአጭር ገደል ላይ ልምምድ ይሰጠዋል፤ ልምምዱን ያላደረገ ወደ ረጅሙ አይወሰድም። እንግዲህ ያ ሰው ለአንድ ሰዓት ደስታ ሲል በከተማይቱ ያድራል ማለት ነው። ካደረም ይበላል፤ በባሶቶ ፈረስ ይጋልባል፤ በአገሩ የታወቀውን የሱፍ ብርድ ልብስ ይገዛል፤ ለመሪው ይከፍላል። ጥንቃቄው ራሱ ገበያ ሆነ። ልምምዱን ለመቈጠብ የሚፈልግ ስስታም ነጋዴ ቢሆን ኖሮ እንግዳው ጧት መጥቶ ማታ በሄደ ነበር።

ረጅም ገደል ለጀማሪ ቀላል መስሎ ይታያል፤ «ታች መውረድ ምን ያስቸግራል» ይባላል። የ204 ሜትር ገመድ ክብደት ግን ወደ 15 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ሰውየው ከአፋፉ ሲነሣ ይህ ሁሉ ክብደት ከበታቹ ተንጠልጥሎ መውረጃውን ብረት ስለሚያንቀው ገመዱን በእጁ እያነሣ ማሳለፍ ይኖርበታል። ወደ ታች እየቀረበ ሲሄድ ክብደቱ ይቀንስና በተቃራኒው ፍጥነቱ ይጨምራል። በፍጥነት ከወረደ ደግሞ ብረቱ በሰበቃ ይግላል፤ የናይሎን ገመድም ሙቀትን አይወድም። አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች ታሪክ ሲመረመር መንሥኤው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ የገመዱ ጫፍ መሬት ሳይደርስ ሰውየው ጫፉን አልፎ ይወድቃል፤ ገመዱ የታሰረበት ድንጋይ ይነቀላል፤ የገደሉ ስለታም ጠርዝ የተወጠረውን ገመድ ይቈርጠዋል። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ በጫፉ ላይ አንድ ትልቅ ቋጠሮ መቋጠር ብቻ ነው። ሁለተኛው ማሰሪያውን በሁለት በተለያዩ ቦታዎች በማድረግ፣ ሦስተኛው በጠርዙ ላይ ወፍራም ሸራ በማንጠፍ ይከላከሉታል።

አሁን ወደ ሱቃችን እንመለስ።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ቆሜ ሳለ ሁለት ወጣቶች ገመድ ሲጠይቁ ሰማሁ። ባለ ሱቁ ብጫ የፕላስቲክ ገመድ ከጥቅሉ እየፈታ ይለካላቸው ጀመር። ከወጣቶቹ አንዱ «ስንት ኪሎ ይሸከማል?» ብሎ ቢጠይቅ «ዝሆን ይጐትታል!» የሚል መልስ አገኘ። ለተራራ መሆኑን ከንግግራቸው ስለ ተረዳሁ፣ ይህ ገመድ ሰው ለማንጠልጠል የተሠራ አለመሆኑን ነገርኋቸው። ወጣቶቹ ገንዘባቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ባለ ሱቁም «ጌታዬ፣ ገመድ ያው ገመድ ነው፤ ገበያዬን አያበላሹብኝ» አለኝ። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚሸጠውን ዕቃ አያውቀውም ነበር እንጂ።

ገመድ ሁሉ ያው ገመድ አይደለም። ብጫው የፕላስቲክ ገመድ በትንሽ ሙቀት ይቀልጣል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይደርቅና ይሰባበራል፤ ምን ያህል እንደሚሸከምም የሚመሰክርለት የለም። ለተራራ የሚሠራው የናይሎን ገመድ ከውስጥ ብዙ የተፈተሉ ክሮች፣ ከውጭ የተጠለፈ ሽፋን አለው፤ እርሱም ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሚለጠጥ ሲሆን ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ድንገት ቢወድቅ እንደ ላስቲክ ተስቦ የሚቀበለው ነው። ሁለተኛው ብዙ የማይለጠጥ ሆኖ ለመውረጃ የሚያገለግል ነው። የመውረጃውን ገመድ ለወጪ የሸጠ ነጋዴ ሰውየው ሲወድቅ ገመዱ ባይበጠስ እንኳ ወገቡ እንዲሰበር አድርጓል። ስለዚህ «ለመውጣት ነው ወይስ ለመውረድ?» ብሎ መጠየቅ የሻጭ የመጀመሪያ ግዴታ ነው።

ምልክቱም ለማንበብ አያስቸግርም። በአውሮፓ መመዘኛ መሠረት የሚለጠጠው ገመድ ኢ ኤን 892፣ የመውረጃው ኢ ኤን 1891 የሚል ቊጥር ይጻፍበታል። በመውረጃው ገመድ ውስጥ በርዝመቱ ሁሉ የሚሄድ ቀጭን ጥብጣብ አለ፤ የገመዱ ጫፍ ሲከፈት ይታያል፤ በላዩም የፋብሪካው ስም፣ የመመዘኛው ቊጥርና ገመዱ የተሠራበት ዓመት ታትመው ይገኛሉ። አንደኛ ደረጃ የተባለው፣ ማለት «ኤ» የሚለው፣ ያለ ቋጠሮ ሲፈተን ቢያንስ ወደ 2,200 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት መቻል ይኖርበታል። ይህ ብዙ መስሎ የሚታየው ሰው ቋጠሮ ብቻውን የገመዱን ኃይል በሲሶ ያህል ሊቀንሰው እንደሚችል፣ እርጥበትና የጠርዝ ሰበቃም ከዚያ ላይ እንደሚቀንሱ ያስታውስ። ካራቢነር የሚባለውን የብረት ማያያዣ በሚመለከት ደግሞ ለተራራ የተሠራው የሚችለው ኃይል በቊጥር ተቀርጾበታል። ለቁልፍ መያዣ የሚሸጠው ግን መልኩ ቁርጥ እርሱኑ ሆኖ «ለተራራ አይሆንም» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎበት ይገኛል። እንግሊዝኛ የማያነብ ሻጭ ሁለቱን በአንድ ሣጥን ቢያቀላቅል ማን ያስተምረዋል?

ለመጋዘን ጠባቂዎችም አንድ ቃል አለኝ። ናይሎን የባትሪ አሲድ ጠላቱ ነው። አሲዱ ፈስሶ ብቻ ሳይሆን በትነቱ እንኳ ገመዱን ከውስጥ ይበላዋል፤ ከውጭ ግን ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። በብዙ መጋዘኖቻችን ደግሞ የመኪና ባትሪ ከሁሉ ዕቃ ጋር ይደረደራል። ፀሐይ በሚመታው መስኮት አጠገብ ማንጠልጠልም እንዲሁ ገመዱን ያደክመዋል። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ገመዱ ምንም ሥራ ሳይሠራበት በጥቅሉ ቢቀመጥ እንኳ ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ ከ10 ዓመት በላይ እንዳይቈይ ያዝዛሉ። እንግዲህ ይህ ዕቃ እንደ መድኃኒት ቀኑ የሚያልፍ ዕቃ ነው። ሚስማር ሃያ ዓመት ቢቀመጥ ሚስማር ነው፤ ገመድ ግን አይደለም። የቆየ ገመድ በቅናሽ የሚያቀርብልን የውጭ አገር ላኪ ቢመጣ ለምን እንደ ረከሰ አስቀድመን መጠየቅ ይገባናል። ያገለገለ ገመድ ማስመጣትማ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም፤ ያለፈ ታሪኩን ከውጭ አይቶ የሚያውቅ ሰው የለምና።

በምንዛሪ በኩል ያለውን ችግር የማያውቅ አንባቢ የለም፤ ብሔራዊ ባንክ በጁላይ 2024 የብርን ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲሰላ ስንት እንደ ደረሰ እናውቃለን። አንድ ሱቅ ብቻውን ብዙ ገመድ አስመጥቶ ለዓመታት በመደርደሪያ ቢያስቀምጥ በሁለት በኩል ይጐዳል፤ ገንዘቡ ይታሰራል፤ ዕቃውም ያረጃል። በበኩሌ የሚሻለው ሦስት ወይም አራት ቤቶች ተባብረው ጥቂት ጥቂት ማስመጣት፣ ለችርቻሮ ከመሸጥም ይልቅ በሥራው ለሠለጠኑ የጉዞ ድርጅቶች ብቻ ማቅረብ ነው። በአሠራሩ ያልተማረ ሰው እጅ የገባ ጥሩ ገመድ ከመጥፎ ገመድ ብዙ አይሻልም። ስለዚህ ከገመዱ ቀድሞ ሊመጣ የሚገባው አሠልጣኝ ነው፤ ለዚህም የሚወጣ ምንዛሪ ቢኖር ብክነት አልለውም።

ስለ ስፍራው ነገር ጥቂት ልጨምር። ተራራ አላነሰንም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታይበት አካባቢ ነው፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ስፍራዎች አንዱ ነበረ፤ ዋልያም ከዚያ ሌላ አገር የለውም። ነገር ግን ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ የተካሄደው ጦርነትና በ2023 በዐማራ ክልል የተነሣው ግጭት የጉዞውን ሥራ እንዴት እንደ ጐዱት በጎንደር፣ በላሊበላና በአክሱም ያሉ የሆቴል ባለቤቶች ከእኔ ይበልጥ ይናገራሉ። ማንም የመንገዱን ደኅንነት ሳያረጋግጥ እንግዳ ወደ ገደል አይወስድም። ይህም የሥራውን ዝግጅት አሁን ከመጀመር የሚከለክል አይመስለኝም፤ መሪ ማሠልጠን ዓመታት ይወስዳልና።

ስፍራ ሲመረጥ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት ከጨዋታው ውጭ መሆን አለባቸው። ደብረ ዳሞን የጠቀስሁት ጥበቡን ለማመስገን እንጂ ሣጥን ይደበቅበት ለማለት አይደለም፤ መነኮሳት ለጸሎት የሚወጡበትን ገደል የእንግዳ መጫወቻ ለማድረግ የሚያስብ ነጋዴ ቢኖር ከአገሬው ጋር ሊጣላ ነው፤ ጥሉም የሚገባው ይሆናል። በፓርክ ውስጥም ቢሆን የፕላስቲክ ሣጥን በየድንጋዩ ሥር መተው ደስ አያሰኝም። የጨዋታው ደንብ ራሱ የመሬቱ ባለቤት ወይም ጠባቂ ሳይፈቅድ ሣጥን እንዳይቀመጥ ያዝዛል። ለዚህ የተገኘ መልካም ዘዴ አለ፤ ከ2004 ጀምሮ «ኧርዝካሽ» የሚባል ሣጥን የሌለው ዓይነት ፍለጋ ተጀምሯል። ፈላጊው ወደ ተመለከተው ስፍራ ይደርስና ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ሸለቆው አፈጣጠር የቀረበለትን ጥያቄ በዓይኑ ካየው ተነሥቶ ይመልሳል። የሚቀበር የለም፤ የሚተው የለም። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተደራርቦ ለተሠራው ለሰሜን ተራሮች ገደል ከዚህ የተሻለ የሚስማማ አላገኘሁም።

«ይህ ሁሉ የጥጋበኞች ጨዋታ ነው፤ ለአገር ምን ይረባል?» የሚል አይታጣም። ጥጋበኛ መሆናቸውን አልክድም። ይሁን እንጂ ቡናችንን የሚጠጣውም ሰው ቡናውን የሚጠጣው ረኃቡን ለማስታገስ አይደለም። የውጭ ሰው ደስ ለሚያሰኘው ነገር የሚከፍለውን ገንዘብ በክብር መቀበል የላኪነት ሥራ ነው፤ ልዩነቱ በዚህኛው ንግድ ዕቃው በመርከብ የማይጫን መሆኑ ነው። የበቅሎ ባለቤት፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ድንኳን አከራይና ባለ ሱቅ ከአንድ እንግዳ በአንድ ቀን ያገኛሉ።

ከንግድ ምክር ቤቱ የምለምነው ቀላል ነው። ለሰው ማንጠልጠያ የሚሸጥ ገመድ፣ መታጠቂያና ማያያዣ በሚሸጥበት ጊዜ የመመዘኛው ቊጥርና የተሠራበት ዓመት በደረሰኙ ላይ በአማርኛ እንዲጻፍ ለአባሎቹ ማሳሰቢያ ቢያወጣ፣ በመጋዘንም ከባትሪና ከኬሚካል ተለይቶ እንዲቀመጥ ቢያስታውቅ ለመነሻ ይበቃል። ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ደረሰኙ የራሳችን ነው። እስከዚያው ድረስ እኔ በማገለግልበት ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ዋጋ ከመናገራችን በፊት የምንመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፤ ገመዱን በገደሉ አናት ላይ የሚያስርላችሁ ማን ነው? ስሙን የሚነግረን ያገኘነው እስካሁን አንድ ብቻ ነው፤ የእርሱም ትእዛዝ በመንገድ ላይ ነው።